አንድ ኩብ ስንት ጀሪካን ነው?

የውሃ ቢላችን በሜትር ኩብ ይመጣል። ቦቴ ሲጠራ ሾፌሩ በሊትር ይደራደራል፤ ሲቸኩል ደግሞ "ኩብ" ይላል። ጣሪያችን ላይ የተቀመጠው ሮቶ ሆዱ ላይ 2,000 የሚል ቁጥር አለበት፤ የምን 2,000 እንደሆነ የሚናገረውን ጽሑፍ ግን ፀሐይ በልቶታል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን ጎረቤቴን ይህ ሁሉ አይመለከታትም፤ እሷ ውሃዋን የምትቆጥረው በጀሪካን ነው። እኔ ደግሞ የሁሉንም ሒሳብ አንድ ደብተር ላይ አስማምቼ በወሩ መጨረሻ ለነዋሪው ማስረዳት አለብኝ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በነርስነት ነው። ጡረታ ስወጣ የኮንዶሚኒየማችን ማኅበር የውሃ ኮሚቴ ሒሳብ ያዥ አደረጉኝ። "ሲስተር መድኃኒት በመርፌ ለክታ የኖረች ናት፣ ውሃ መለካት አያቅታትም" አሉ። ለቀልድ የተባለ ነገር ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን እውነትነት አገኘሁበት። መርፌ ውስጥ ያለው ሲሲና ቦቴ ውስጥ ያለው ኩብ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የሚለያያቸው የዜሮ ብዛት ብቻ ነው፤ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ዜሮው ስንት እንደሆነ እያንዳንዱ ሰው በግምት ስለሚናገር ነው።

ግቢያችን ውስጥ መሬት ተቆፍሮ የተሠራ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ወለሉ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል ነው። ሦስቱ ሲባዙ 9 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በሊትር 9,000። የመስመር ውሃ ሲጠፋ ገንዳውን በቦቴ እናስሞላና በፓምፕ ወደ ሮቶዎቹ እንገፋዋለን።

አንድ ጊዜ የመጣው ቦቴ "6,000 ሊትር" ብሎ ገለበጠ። እኔ ቧንቧው ከመከፈቱ በፊት መጥረጊያ እንጨት ሰድጄ የውሃውን ከፍታ ለክቼ ነበር፤ 30 ሴንቲ ሜትር። ጨርሶ ቱቦውን ሲጠቀልል ደግሜ ለካሁ፤ 1 ሜትር ከ15።

"ልጄ፣ 900 ሊትር ጎድሏል" አልኩት።

"እማማ፣ እንዴት ይጎድላል! ሙሉ ሆኖ ነው የመጣው፤ እርስዎም አይተዋል።"

ይሄኔ 12ኛ ክፍልን የጨረሰው የጎረቤት ልጅ "ቆይ ሲስተር፣ እኔ በስልኬ ላስላው" ብሎ ገባበት። ሁሉንም ወደ ሴንቲ ሜትር ቀየረው፤ 300 በ200፣ ውሃው ከፍ ያለው ደግሞ 85፤ አባዛና 5,100,000 አገኘ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። ቀጥሎ "አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው" ብሎ ለ100 አካፈለና "51,000 ኩብ!" አለ። ሾፌሩ እጁን አጨበጨበ፤ "ይኸው! 51,000 ኩብ ካመጣሁማ ክፈሉኛ!" ያ ሁሉ ውሃ ቢመጣ ኖሮ ገንዳችንን ከ5,600 ጊዜ በላይ ሞልቶ ሰፈሩን ይዞት ይሄድ ነበር።

የልጁ ማባዛት ልክ ነው፤ የሳተው ማካፈያውን ነው። ሜትርን በ100 መመንዘር የሚሠራው ለገመድና ለጨርቅ፣ ርዝመት ብቻ ላለው ነገር ነው። ምንጣፍ ርዝመትም ስፋትም ስላለው መቶው ሁለት ጊዜ ይገባል፤ 1 ካሬ ሜትር 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ውሃ ሲሆን ከፍታ ይጨመርና መቶው ሦስት ጊዜ ይገባል፤ 100 በ100 በ100 አንድ ሚሊዮን ይሆናል። 5,100,000ን ለአንድ ሚሊዮን ስናካፍለው 5.1 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 5,100 ሊትር። ከ6,000 ላይ 900 ጎድሏል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 45 ጀሪካን ነው። ሾፌሩም እያጉረመረመ የ900ውን ቀነሰልን።

እኔ ያለ ስልክ በአንድ ትንፋሽ 900 ያልኩት በአእምሮ ሒሳብ ስለምበልጠው አይደለም። የገንዳው ወለል 6 ካሬ ነው። ውሃው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር 6 ካሬ በ0.01 ሜትር፣ 0.06 ሜትር ኩብ ይጨመራል፤ 60 ሊትር ማለት ነው። ይህንን አንዴ ካወቅኩ በኋላ ቀሪው የመጥረጊያ እንጨቱ ሥራ ነው። አሁን እንጨቱ ላይ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በማርከር መስመር አስምሬበታለሁ፤ አንዱ ክፍተት 300 ሊትር ነው። ነዳጅ የሚያራግፉ ሰዎችም ታንከራቸው ውስጥ የሚሰዱት ምልክት ያለው ብረት ሥራው ይኸው ነው። ገንዳው ክብ ከሆነ ወለሉን በሌላ መንገድ ማስላት ያስፈልጋል፤ የወገቡን፣ ማለትም በመሃል ከዳር እስከ ዳር ያለውን ስፋት፣ ግማሽ በራሱ አባዝቶ እንደገና በ3.14 ማባዛት። ወገቡ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ሮቶ ወለሉ 1.13 ካሬ ገደማ ስለሚሆን አንዷ ሴንቲ ሜትር 11 ሊትር ከትንሽ ትይዛለች።

ልጁ ግን "ለምን ሚሊዮን?" የሚለው አልወጣለትም። በማግሥቱ እሱንና ታናናሾቹን ደረጃው ሥር ሰብስቤ በካርቶን አሳየኋቸው። ርዝመቱም ስፋቱም ከፍታውም 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ከጫማ ካርቶን ቆርጠን በፕላስተር አጣበቅን፤ ውስጡን ፌስታል አለበስነው። ከዚያ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ውሃ ገለበጥንበት። ካርቶኑ ሆዱን ትንሽ ነፋ እንጂ ውሃው እስከ አፉ ድረስ ገባ። ሊትር ማለት ይኸው ነው። ትንሿ ልጅ ግን አላመነችም፤ ጠርሙሱ ረጅም፣ ሣጥኑ አጭር ሆኖባት መልሳ ወደ ጠርሙሱ ካልገለበጠች አልተወችኝም፤ ግማሹን እግሬ ላይ አፈሰሰችው።

ቀጥሎ ከድሮ ዕቃዬ መርፌ አልባ ሲሪንጅ አመጣሁና አንድ ሲሲ ውሃ ማንኪያ ላይ ጠብ አደረግሁላቸው። ይቺ በሦስቱም ጎን 1 ሴንቲ ሜትር በሆነች ሣጥን ውስጥ ልክ የምትገባ ውሃ ናት። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሣጥኖች ቢኖሩን የካርቶኑ ወለል ላይ 10 በ10፣ መቶ ይደረደራሉ። ያ አንድ ንብርብር ነው። ካርቶኑ አሥር ንብርብር ይይዛል፤ ስለዚህ 1 ሊትር 1,000 ሲሲ ነው። ወደ ላይ ስንሄድም እንደዚያው ነው። በሦስቱም ጎን 1 ሜትር የሆነ ትልቅ ሣጥን ውስጥ የእኛ ካርቶን 10 በ10 በ10 እየሆነ አንድ ሺህ ጊዜ ይገባል፤ 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን 50፣ በ25 ሊትሩ 40 ጀሪካን ይሞላል። ከሲሲ እስከ ኩብ ሺህ በሺህ፣ ሚሊዮን ደረሰ። ልጁ ራሱ ነው ጮኾ የተናገረው፤ እኔ ዝም ብዬ ነበር።

ሰው የሚምታታበት ሌላም ምክንያት አለ። በሜትሪክ ሥርዓት ይዘትን የምንጠራበት ስም ሁለት ወገን ነው። አንደኛው የሊትር ወገን ነው፤ ሚሊ ሊትር፣ ሴንቲ ሊትር፣ ዴሲ ሊትር፣ ሊትር እያለ በአሥር በአሥር ይወጣል። ሁለተኛው በኩብ የሚጠራው ነው፤ ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ዴሲ ሜትር ኩብ፣ ሜትር ኩብ እያለ በሺህ በሺህ ይዘላል። "ሴንቲ" የምትለዋ ቃል በሁለቱም ወገን ስላለች ሰው አንድ ይመስለዋል፤ 1 ሴንቲ ሊትር ግን 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚገጥሙባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ 1 ሚሊ ሊትር ከ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ (ከሲሲ) ጋር፣ 1 ሊትር ከ1 ዴሲ ሜትር ኩብ ጋር፣ 1,000 ሊትር ደግሞ ከ1 ሜትር ኩብ ጋር። እነዚህን የያዘ ሰው ሌላውን እየተራመደ ይደርስበታል። የቢራ ጠርሙስ ላይ 33 ሴንቲ ሊትር የሚል ካያችሁ 330 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሊትር 0.33። ስለ ቢራ ፋብሪካ ዜና ሲነገር የምትሰሙት ሄክቶ ሊትር 100 ሊትር ነው፤ አንድ ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ማለት 100 ሚሊዮን ሊትር፣ ወይም 100,000 ሜትር ኩብ። ግንበኞች አሸዋና ጠጠር የሚሰፍሩበት የእንጨት ሣጥንም 50 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 40,000 ሲሲ፣ 40 ሊትር ነው፤ ሃያ አምስቱ አንድ ኩብ ይሞላል።

ወደ ቆጣሪው ልመለስ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ "ቆጣሪዬ ይሮጣል" ብላ ለኮሚቴው አቤት አለች። ከልጇ ጋር ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ የወሩ ቢል ግን 16 ሜትር ኩብ መጣባት፤ 16,000 ሊትር፣ 800 ጀሪካን። "ሲስተር፣ 800 ጀሪካን ውሃ እኔ ምን አድርጌው?" አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር።

የቆጣሪውን ክዳን ከፍተን አቧራውን ጠረግን። ብዙዎቹ የቤት ቆጣሪዎች እንዲህ ናቸው፦ ከላይ በተርታ ጥቁር ቁጥሮች አሉ፤ ሙሉ ሜትር ኩቦቹ እነሱ ናቸው፣ ቢልም የሚሠራው በእነሱ ነው። ከሥር ቀይ ቀስት ያላቸው አራት ትንንሽ ክቦች አሉ፤ ከጎናቸው ×0.1፣ ×0.01፣ ×0.001፣ ×0.0001 ተጽፎባቸዋል። ይህ ጽሑፍ ነው ሰውን የሚያስፈራው። ሜትር ኩቡ 1,000 ሊትር መሆኑን ካስታወሳችሁ ግን ፍርሃቱ ይጠፋል። በመጀመሪያው ክብ ላይ አንድ እርምጃ 100 ሊትር ነው፣ በሁለተኛው 10 ሊትር፣ በሦስተኛው 1 ሊትር፤ በመጨረሻዋ 100 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ የመጨረሻዋ ቀስት አንድ ሙሉ ዙር ስትዞር አንድ ሊትር ሃይላንድ ሞልቷል ማለት ነው።

20 ሊትሩን ጀሪካን ቧንቧው ሥር አስቀመጥን። ሞልቶ ሲዘጋ ×0.01 የተጻፈበት ቀስት ከ4 ተነስቶ 6 ላይ ቆመ። ሁለት እርምጃ፣ 20 ሊትር። ቆጣሪው አልሮጠም። ማታ ቧንቧዎቿን ሁሉ ዘግታ ቁጥሩን እንድትጽፍ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግማ እንድትጽፍ ነገርኳት። በ8 ሰዓት ውስጥ 0.096 ሜትር ኩብ ሄዷል። 0.096ን በ1,000 ስናባዛ 96 ሊትር፤ በሰዓት 12 ሊትር፣ በቀን 288 ሊትር፣ በ30 ቀን 8,640 ሊትር። ከ16ቱ ኩብ ውስጥ ከስምንት ተኩል የሚበልጠውን የጠጣው የሽንት ቤቷ የውሃ ማጠራቀሚያ ነበር። የውስጡ ጎማ አርጅቶ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ግድግዳውን ተከትሎ ይወርዳል። ጎማው ተቀየረ፤ ቆጣሪውም ከስም ማጥፋት ነጻ ወጣ።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧን በተመለከተ የሆስፒታሉን ልማድ ነው የምጠቀመው። ሰው "ግሉኮስ" የሚለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚወርድበት ተራ ቱቦ ብዙውን ጊዜ በ20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር እንዲያወርድ ሆኖ ይሠራል፤ ለሕፃናት የሚሆነው ቀጭኑ ደግሞ በ60 ጠብታ። ሐኪሙ "1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት" ብሎ ካዘዘ 20,000 ጠብታ በ480 ደቂቃ ይካፈላል፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል። ሰዓቴን እያየሁ ጠብታ ስቆጥር ነው ያረጀሁት። ያንኑ ሒሳብ ወደ ቧንቧ ብናመጣው፣ በየሰከንዱ አንድ ጠብ የሚል ቧንቧ በደቂቃ 3 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 4,320 ሚሊ ሊትር ያወርዳል። አራት ሊትር ከሩብ ይበልጣል፤ በወር 130 ሊትር ገደማ። በቆጣሪው ጥቁር ቁጥር ላይ ግን 0.13 ኩብ ነውና አይታይም። ከቧንቧው ይልቅ የሽንት ቤቱን ጎማ አስቀድሙ የምለው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያነሳሁት ስሕተት ገንዘብ ነው የሚያስከፍለው። መድኃኒት ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲሲና ሚሊ ሊትር አንድ ናቸው፤ "5 ሲሲ ስጡት" የተባለች እናት 5 ሚሊ ሊትር በሚል ሲሪንጅ ብትሰጥ ምንም አልተሳሳተችም። የሚያስፈራኝ "5 ሚሊ" ብቻ ተብሎ ሲነገር ነው። ሚሊ ሊትር ነው ወይስ ሚሊ ግራም? የሕፃናት ፓራሲታሞል ሽሮፕ ላይ "በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም" የሚል ካለ፣ 5 የፈሳሹ ልክ ነው፣ 120 ደግሞ ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው መድኃኒት። ሌላ ጠርሙስ ላይ፣ በጠብታ የሚሰጠው ዓይነት፣ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ሊኖር ይችላል። በሽሮፑ ልክ ጠብታውን የሰጠ ሰው ከአራት እጥፍ በላይ ሰጠ። ስለዚህ "ሚሊ" ያለ ሁሉ "ሚሊ ምን?" ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ሐኪምም ቢሆን አይቀየም። ማንኪያም እንደዚሁ ነው። የመድኃኒት የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው ይባላል፤ የቤታችን ማንኪያ ግን በዚያ ልክ አልተሠራም። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን ባለ መስመር ክዳን አትጣሉት።

የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን ደግሞ በ"ዩኒት" ነው የሚለካው። ዩኒት የይዘት ስም አይደለም፤ የመድኃኒቱን ጉልበት ነው የሚናገረው። በብዛት የሚገኘው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለው፤ ስለዚህ 20 ዩኒት 0.2 ሚሊ ሊትር ነው። በኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ 20 የሚለው መስመር ላይ ማቆም ነው፤ ቀላል ነው። ሰው የኢንሱሊን ሲሪንጅ አጥቶ ተራውን ባለ 2 ሚሊ ሊትር ሲያነሳ ግን 0.2ን 2 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ አሥር እጥፍ። ተማሪ ሳለን አለቃችን ከነጥብ በፊት ዜሮ ካልጻፍን ወረቀቱን ትቀድደው ነበር፦ 0.5 እንጂ ነጥብ 5 አይጻፍም፤ ነጥቧ ከደበዘዘች 5 ትሆናለች። በተቃራኒው 5 ተብሎ የሚበቃውን 5.0 ብሎ መጻፍም አይፈቀድም፤ 50 ተብሎ ይነበባል።

ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስ ዱቄት በ1 ሊትር የሚበጠበጥ ከሆነ ሊትሩ በትክክል ሊትር መሆን አለበት፤ ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛል፣ ከበዛም መድኃኒቱ ይቀጥናል። መለኪያ የሌላት እናት ጋ ስሄድ ቤት ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ነው የማየው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ካለ ሁለት ጊዜ። የቢራ ጠርሙስ ካለ በደንብ ታጥቦ ሦስት ጊዜ፤ 33 ሴንቲ ሊትር ሦስት ጊዜ 99 ሴንቲ ሊትር ነውና ከሊትሩ የሚጎድለው ሁለት የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። "ሲስተር፣ የቢራ ጠርሙስ ለልጅ?" ብላ የደነገጠች እናት አትጠፋም።

ይህን ሁሉ ያቀለለልን ሊትር በሕግ የተደነገገው ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1795 ነው። ያኔ የተባለውም የካርቶን ሣጥናችን ነው፤ ጎኑ የሜትር አንድ አሥረኛ የሆነ ኩብ። በ1901 የዓለም የክብደትና የልክ ጉባኤ ሊትርን "የ1 ኪሎ ግራም ንጹሕ ውሃ ይዘት" አለው፤ ውሃ በጣም በሚጠብቅበት፣ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ሙቀት። ለወጉ ያማረ ነበር። ኋላ በጥንቃቄ ሲለካ ግን ይህ ሊትር ከ1 ዴሲ ሜትር ኩብ በሚሊዮን 28 እጅ ይበልጥ ኖሯል። በ10,000 ሊትር ቦቴ ላይ 280 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያነሰ፤ ለእኛ ኮሚቴ ጉዳይ አይደለም፣ ለላቦራቶሪ ግን ራስ ምታት ነው። በ1964 ጉባኤው ያንን ትርጉም ሽሮ ሊትርን ወደ ጥንቱ ኩብ መለሰው። በ1978 ደግሞ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በሚወጣ የኬሚስትሪ መምህራን መጽሔት ላይ፣ ሊትር ስሙን ያገኘው ክሎድ ኤሚል ዣን ባፕቲስት ሊትር ከሚባል ሳይንቲስት ነው የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሰውየው ፈጽሞ አልነበረም፤ የኤፕሪል ፉል ቀልድ ነው። አምነው የጻፉት ግን አልጠፉም።

የ1901ዱ ትርጉም ቢሻርም ለቤት ሥራ ያለው ጥቅም አልቀረም። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል ብሎ ማሰብ በቂ ነው። ስለዚህ 1 ኩብ ውሃ 10 ኩንታል ነው። ጣሪያ ላይ ሁለተኛ ባለ 2,000 ሮቶ እንጨምር ያለው የኮሚቴ አባል፣ 20 ኩንታል ጤፍ ራሱ ላይ እንደምናስቀምጥበት ስነግረው የሚኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ መሆኑ ትዝ አለውና ሐሳቡን አነሳ። ይህ ለውሃ ብቻ ነው፤ የምግብ ዘይት ቀለል ስለሚል 5 ሊትር ዘይት ሚዛን ላይ 4 ኪሎ ከ600 ግራም ገደማ ነው የሚወጣው። ስለዚህ "5 ሊትር" ተብሎ የተገዛ ዘይት 5 ኪሎ አልሞላም ብላችሁ ከባለሱቅ ጋር አትጣሉ።

ልጆቹ ሺህ በሺህ መዝለሉ ከገባቸው በኋላ ትልቅ ነገር ማምጣት ፈለጉ። "የዓባይ ግድብስ?" አለ ትልቁ። ስለ ሕዳሴ ግድብ ሲነገር የኖረው ቁጥር 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ስለሆነ 1 ኪሎ ሜትር ኩብ 1,000 በ1,000 በ1,000፣ አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ ግድቡ 74 ኪሎ ሜትር ኩብ ይይዛል ማለት ነው፤ በሊትር 74 ትሪሊዮን። ይህንን ውሃ በአንድ ሣጥን እንክተተው ብንል የሣጥኑ ጎን 4.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመስቀል አደባባይ እስከ ስድስት ኪሎ በአየር መስመር ወደ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያንኑ ያህል ወደ ጎን፣ ያንኑ ያህል ወደ ላይ። ልጁ "74 ቢሊዮን ብሎ ሣጥኑ ይቺው ነው?" አለ፤ ቅር ያለው መሰለ። ታናሽ እኅቱ ግን ወደ ሰማይ አንጋጣ ቀረች።

አሁን ኮሚቴው የያዘው ጉዳይ ክረምቱ ነው። የዝናብ ዜና በሚሊ ሜትር ሲነገር ብዙ ሰው ርዝመት ነውና ከውሃ ልክ ጋር አያገናኘውም። እንደ ገንዳችን ወለል አድርጋችሁ እዩት፦ 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢቆም 1 በ1 በ0.001፣ 0.001 ሜትር ኩብ ነው፤ ልክ 1 ሊትር። ሌላ ማስላት አያስፈልግም፤ የጣሪያው ካሬ በዝናቡ ሚሊ ሜትር ሲባዛ ሊትሩ ይወጣል። የብሎካችን ጣሪያ 200 ካሬ ነው። በአንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,000 ሊትር ይወርዳል፤ በትነትና በፍንጣሪ የሚጠፋውን ብንቀንስ እንኳ የቦቴ ግማሽ ነው። ዛሬ ይህ ሁሉ በአሸንዳው ወርዶ አስፋልት ላይ ይፈስሳል።

ስለዚህ ከአሸንዳው ሥር ባለ 5,000 ሮቶ መሬት ላይ ይቀመጥ አልኩ፤ 50 ኩንታል ነውና ከሥሩ ኮንክሪት ይፈስስለት። ለመጠጥ አይደለም፤ ለልብስና ለሽንት ቤት ነው። መሬት ቤት ያሉት ጋሼ ተነሥተው "የርግቡ ኩስና የጣሪያው አቧራስ? መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ እሱን አጥቦ እኮ ነው የሚመጣው" አሉ። ልክ ናቸው። መፍትሔው የመጀመሪያውን ውሃ ለብቻው ማስቀረት ነው፤ የመጀመሪያዋን 1 ሚሊ ሜትር ብናስቀር እንኳ 200 ካሬ ላይ 200 ሊትር ነው፤ አንድ ትልቁ የብረት በርሜል የሚይዘው ማለት ነው። በሮቶው ሁሉም ተስማምቶ ፈረመ። በርሜሉን ማን ይግዛ የሚለው ለቀጣዩ ስብሰባ ተላልፏል።